እረኛው፦ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የቀረው የሄርማስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

የንባብ ክፍል፦ ያዕቆብ 1፥2-8፤ 1ኛ ጴጥሮስ 2፥4-12፤ 1ኛ ዮሐንስ 4፥1-6



በቤት ኅብረት ላይ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በስልክ ቪዲዮ አይተው ይመጡና «የተደበቁ መጻሕፍት አሉ ይባላል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ማን ነው ቆርጦ ያወጣቸው?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልንቆጣቸው አይገባም። ጥያቄ መልስ አጥቶ በልብ ውስጥ ሲያድር ነው ጥርጥር የሚሆነው። ስለዚህ ዛሬ ከነዚያ መጻሕፍት አንዱን አንሥተን እንማር። ስሙ «እረኛው» ይባላል፤ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ «ኖላዊ» የሚሉት ነው። የጻፈው ሄርማስ የሚባል ሰው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህን መጽሐፍ እንደ እግዚአብሔር ቃል አላስተምርም። በመድረክ ላይ እንደ ጳውሎስ ወይም እንደ ጴጥሮስ መልእክት አናነበውም። ግን ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ወንድም የጻፈው ምክር ነው። የሽማግሌ ምክር ይሰማል፣ ይመዘናል፣ መልካሙ ይያዛል። እኛም እንደዚያው እናደርጋለን።

1. ሄርማስ ማን ነበር?

ሄርማስ በሮም ከተማ የኖረ ሰው ነው። ዘመኑም ሁለተኛው መቶ ዓመት ነው። ታሪኩን እሱ ራሱ ይናገራል። ገና ልጅ ሳለ ያሳደገው ሰው ሮዳ ለምትባል የሮም ሴት ሸጠው። ባሪያ ነበር ማለት ነው። በኋላ ነጻ ወጣ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ንግድ ጀመረ፣ ሀብትም አገኘ። ከዚያ ግን ሀብቱ ጠፋ፣ ቤቱም ተናወጠ። ልጆቹ ከእግዚአብሔር ራቁ፣ ወላጆቻቸውንም አሳልፈው ሰጡ። በቤቱ ውስጥ ማዘዝ ያቃተው አባት ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ጳጳስ አይደለም፤ የታወቀ መምህርም አይደለም። የተሸጠ፣ ያገኘ፣ ያጣ ሰው ነው። ትምህርቱም ብዙ አልነበረም። በራእይ አንዲት ሴት መጽሐፍ ሰጥታው ገልብጥ ስትለው ቃሉን ለይቶ ማንበብ ስላልቻለ ፊደል በፊደል ብቻ እየገለበጠ ነው የጻፈው። በመካከላችን ማንበብ የሚከብዳችሁ እናቶችና አባቶች ይህን ልብ በሉ። ፊደል በፊደል የገለበጠው ሰው ጽሑፍ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ጳውሎስ በሮሜ 16፥14 ሰላምታ ከሚልክላቸው ወንድሞች መሃል ሄርማስ የሚባል አለ። በእስክንድርያ ያስተማረው ኦሪጀን የመጽሐፉ ጸሐፊ ያ ሰው ነው ብሎ አስቦ ነበር። ግን ሙራቶሪ የሚባል ሊቅ በኢጣሊያ ሚላኖ አግኝቶ በ1740 ያሳተመው አንድ ጥንታዊ የመጻሕፍት ዝርዝር አለ። ያ ዝርዝር የሚለው ሌላ ነው፦ ሄርማስ የሮም ጳጳስ የነበረው የፒዮስ ወንድም ነው፤ የጻፈውም በቅርቡ በእኛ ዘመን ነው ይላል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

2. መጽሐፉ ምን ይዟል?

ሦስት ክፍል አለው፦ አምስት ራእዮች፣ አሥራ ሁለት ትእዛዛት፣ አሥር ምሳሌዎች። መጀመሪያ ላይ ለሄርማስ የታየችው አንዲት አሮጊት ናት። ሄርማስ ማን እንደሆነች አላወቀም፤ የአሕዛብ ጠንቋይ መስላው ነበር። በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን መሆኗ ተነገረው። ከዚያ የእረኛ ልብስ የለበሰ፣ በትከሻው ከረጢት ያንጠለጠለ፣ በእጁ በትር የያዘ መልአክ ወደ ቤቱ ገባ። ይህ የንስሐ መልአክ ነው። መጽሐፉ «እረኛው» የተባለው በእሱ ነው። ትእዛዛቱንና ምሳሌዎቹን የነገረው እሱ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ከተጠመቀ በኋላ የወደቀ ክርስቲያን መመለስ ይችላል ወይ? በዚያን ጊዜ «አንዴ ተጠምቀህ ከበደልክ አለቀልህ» የሚሉ ነበሩ። ስደት ሲመጣ ክርስቶስን የካዱ፣ በንግዳቸው ምክንያት ወደ ኋላ የተመለሱ ብዙ ሰዎች በደጅ ቆመው ነበር። ሄርማስ ለነሱ ነው የጻፈው።

3. ለምንድነው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያልገባው?

በጥንት ጊዜ በጣም የተወደደ መጽሐፍ ነበር። ሄሬኔዎስ ጠቅሶታል፤ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም ጠቅሶታል። በሲና ተራራ ቅድስት ካትሪን ገዳም የተገኘው በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ታላቁ የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻው ላይ፣ ከዮሐንስ ራእይ በኋላ፣ የበርናባስ መልእክት የሚባለውንና የእረኛውን ክፍል ይዟል። ታዲያ ለምን ቀረ? ሦስት ምክንያት እናያለን።

አንደኛ፣ ዘመኑ ነው። ሐዲስ ኪዳን የሐዋርያት ምስክርነት ነው፤ ጌታን ያዩ፣ የሰሙ፣ ወይም ካዩት ጋር የሠሩ ሰዎች የሰጡን ነው። ሄርማስ ከነሱ በኋላ መጣ። ያ ጥንታዊ ዝርዝር በቅርቡ የተጻፈ ነው ያለው ለዚህ ነው። ሰዎች ያንብቡት፣ ግን በጉባኤ ፊት ከነቢያትና ከሐዋርያት ጋር አይነበብ ብሎ ወሰነ። አያችሁ፣ ሐሰተኛ ነው አላለም፤ አቃጥሉትም አላለም። ቦታውን ነው የለየው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት እኩል አልተቀበሉትም። በካርቴጅ የነበረው ጠርጡሊያኖስ በኋለኛ ዕድሜው በጣም ተቃውሞታል፤ ለአመንዝሮች በር ይከፍታል ብሎ። ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስም ለጀማሪዎች ጠቃሚ ነው የሚሉ እንዳሉ፣ የማይቀበሉትም እንዳሉ ጽፏል።

ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ነው። ሄርማስ ስለ እግዚአብሔር ልጅ ይናገራል፤ ዓለትና በር አድርጎ ያሳየዋል። ነገር ግን ኢየሱስ የሚለውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። ስለ መስቀሉና ስለ ትንሣኤው ሐዋርያት እንደሚያስተምሩን አድርጎ አያስተምርም። ስለ ልጁና ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚናገርበት ቦታም ግልጽ አይደለም። ለነፍሳችን መዳን የምንደገፍበት መሠረት ደግሞ ግልጽ መሆን አለበት።

በ367 ዓ.ም. የእስክንድርያው አትናቴዎስ ለአብያተ ክርስቲያናት በጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ ዛሬ በእጃችን ያሉትን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘረዘረ። እረኛውን ከነሱ ውጭ አደረገው፤ ግን አዲስ አማኞች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል ብሎ ለየው። ይህ አትናቴዎስ ለአክሱም ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከው ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን መልሱ ይህ ነው፦ ማንም በሌሊት ገብቶ ገጽ አልቀደደም። ቤተ ክርስቲያን እያነበበች፣ እየመዘነች፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ ለየች። ያልገባው መጽሐፍም አልተደበቀም። እንዲያውም የኛ አባቶች ወደ ግዕዝ ተርጉመው ጠብቀውታል። አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ በ1847 በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የግዕዙን መጽሐፍ አገኘ፤ በ1860 በጀርመን አገር በላይፕዚግ ታተመ። የግሪክኛው መጨረሻ ጠፍቷል፤ መጨረሻውን የምናውቀው በላቲንና በግዕዝ ትርጉሞች ነው። ስማቸውን የማናውቃቸው መነኮሳት በብራና ላይ ባይገለብጡት ኖሮ ዓለም አንድ ትልቅ ምስክር ያጣ ነበር።

አሁን ወደ ምክሩ እንግባ። አራት ነገር እንወስዳለን፤ አንዱን ደግሞ በቃሉ መዝነን እንተወዋለን።

4. ሁለት ልብ መሆን

ሄርማስ ደጋግሞ የሚዋጋው ኃጢአት አለ፤ ሁለት ልብ መሆን ነው። ያዕቆብ 1፥5-8 አንብቡ። ሐዋርያው እየተጠራጠረ የሚለምን ሰው ነፋስ እንደሚያንገላታው የባሕር ማዕበል ነው ይለናል። ሄርማስ ይህንኑ በዘጠነኛው ትእዛዝ ያስፋፋዋል፦ «ይህን ያህል በድዬ እንዴት ከጌታ እለምናለሁ?» አትበል፤ እግዚአብሔር እንደ ሰው ቂም አይዝም፤ መልሱ ቢዘገይም ለምን ዘገየ ብለህ ልመናህን አታቁም።

ወገኖቼ፣ ይህ ስለኛ ነው። እዚህ ካምፕ አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው አለ። ኢንተርቪው ተደረገ፣ ኬዙ ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ቦርድ ላይ የተለጠፈ ስም ለማየት ሄዶ ስንቱ ተመልሷል! እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ጸሎት ይጸልያል፣ ማታ «እግዚአብሔር ረስቶኛል» ይላል። ከውጭ ያለ ሰው ሊፈርድበት ይችላል፤ እኛ ግን እናውቀዋለን።

ሄርማስ የሚያሳየን ሥዕል እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሮጊቷ መጀመሪያ ስትታይ ደክማ በወንበር ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛ ስትታይ ፊቷ ወጣት ሆኖ ሰውነቷና ጠጉሯ ግን ያረጀ ነበር። ሦስተኛ ስትታይ ከጠጉሯ በቀር ሁለንተናዋ ወጣትና ቆንጆ ሆነ፤ ደስ ብሏትም ነበር። ሄርማስ ለምን ብሎ ጠየቀ። መልሱ እንዲህ ነው፦ የእናንተ መንፈስ ስላረጀና ተስፋ ስለቆረጠ ነው እሷም አርጅታ የታየችው። ልክ የመጨረሻውን ቀን ብቻ የሚጠብቅ ሽማግሌ ድንገት ርስት ወረስክ ሲባል ከተኛበት ተነሥቶ እንደሚቆም፣ እናንተም ቃሉን ስትሰሙ መንፈሳችሁ ታደሰ፤ እሷም ታደሰች።

ቤተ ክርስቲያን የምታረጀው ዓመት ስለበዛ አይደለም። እኛ ተስፋ ስንቆርጥ ታረጃለች፤ እኛ ስንነሣ ትነሣለች። ሮሜ 8፥17 ርስት አለን ይላል። ያ ርስት በማንም ቢሮ አልተያዘም፣ በማንም ፊርማ አይቆምም።

5. በገንዘብ ትንቢት የሚናገሩ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በአሥራ አንደኛው ትእዛዝ እረኛው ለሄርማስ ሐሰተኛ ነቢይ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተምረዋል። አንድ ሰው በወንበር ተቀምጧል፣ ሌሎች ከፊቱ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በአግዳሚ ያሉት አማኞች ናቸው፤ ግን ልባቸው ሁለት ነው። እንደ ጠንቋይ ወደ እሱ ይመጣሉ፣ ስለ ወደፊታቸው ይጠይቁታል። እሱም ልባቸው የሚመኘውን እያየ እንደ ምኞታቸው ይመልስላቸዋል። ባዶ ሰው ለባዶ ሰዎች ባዶ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ምልክቶቹን ይዘረዝራል። ሐሰተኛው ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ የክብር ወንበር ይፈልጋል፣ አፉ ደፋር ነው፣ ብዙ ያወራል፣ ለትንቢቱ ዋጋ ይቀበላል፤ ካልተከፈለው አይተነብይም። ከጻድቃን ጉባኤ ይሸሻል፤ ሰዎችን ለብቻ በየጥጉ ያገኛቸዋል። የሚጸልይ ጉባኤ ውስጥ ሲገባ ግን ዝም ይላል፣ ባዶነቱም ይገለጣል። እውነተኛው ግን ትሑትና ጸጥተኛ ነው፤ ከክፋት ይርቃል፤ ሰው ስለጠየቀው ሳይሆን እግዚአብሔር ሲፈልግ ይናገራል፤ የሚናገረውም በጉባኤ መካከል ነው።

ይህ የተጻፈው ከ1800 ዓመት በፊት በሮም ነው። ግን እንዴ፣ ትናንት በብሎካችን የተጻፈ አይመስልም? «ኬዝህ ታስሯል፣ አየሁት፤ ለመፍታት ይህን ያህል ሽልንግ አምጣ።» «ስምሽ ወጥቶ በራእይ አየሁ፤ ግን ምስጋና ካላቀረብሽ ይዘጋል።» የወር ዱቄቱንና ዘይቱን ሸጦ የከፈለ ሰው አለ። ልጆቹ ተርበው ሰነበቱ። ስሙ ግን አልወጣም። ስሙ ሲቀር ደግሞ «እምነትህ ስላነሰ ነው» ተባለ። እንዲህ ሆኖ ሰው ከራሽኑም ከእምነቱም ይወጣል።

ሄርማስን ትተን በእግዚአብሔር ቃል እንመዝነው። ሚክያስ 3፥11 አንብቡ፤ በገንዘብ የሚያሟርቱ ነቢያትን እግዚአብሔር ይወቅሳል። የሐዋርያት ሥራ 8፥18-23 አንብቡ፤ ጴጥሮስ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የመጣውን ሲሞንን ምን እንዳለው ታያላችሁ። 1ኛ ዮሐንስ 4፥1 መናፍስትን መርምሩ ይላል። መመርመር የእምነት ማነስ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

ትንቢትን ሁሉ እንጥላለን ወይ? አንጥልም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ግን ፈትኑ ይለናል። ሁለቱንም ነው የምንይዘው። ለቤታችሁ ሦስት ጥያቄ ያዙ፦
ሀ) ይህ ሰው የነገረኝን በጉባኤ ፊት፣ በሽማግሌዎች ፊት ይደግመዋል?
ለ) ገንዘብ ባልሰጠው ይጸልይልኛል?
ሐ) የነገረኝ ነገር ወደ ክርስቶስ ያስጠጋኛል ወይስ ወደ እሱ ብቻ?
ሦስቱንም ካለፈ በትዕግሥት ስሙት። አንዱ ላይ ከወደቀ ብራችሁንም ልባችሁንም ያዙ።

6. እየተሠራ ያለው ግንብ

በሦስተኛው ራእይ ሄርማስ በውኃ ላይ የሚሠራ ትልቅ ግንብ ያያል። ስድስት ወጣቶች ይገነባሉ፤ ብዙ ሰዎች ድንጋይ ያመጣሉ። ግንቡ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ውኃው ጥምቀት ነው፤ ድንጋዮቹ እኛ ነን። 1ኛ ጴጥሮስ 2፥4-5 ይህን ሥዕል ከእርሱ በፊት ሰጥቶናል፤ ሕያዋን ድንጋዮች ሆነን እንሠራለን።

ከጥልቅ ውኃ የወጡ ድንጋዮች ስለ ስሙ መከራ የተቀበሉ ናቸው፤ ያለ ምንም መጥረብ ገጣጥመው ይገባሉ። የተሰነጠቁ ድንጋዮች አሉ፤ እነዚህ በልባቸው ቂም ይዘው እርስ በርሳቸው ሰላም የሌላቸው ናቸው። ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ሲለያዩ ግን ክፋቱ በልባቸው ነው። ነጭና ክብ ድንጋዮችም አሉ፤ ያምራሉ፣ ግን ለግንብ አይገጥሙም። እነዚህ እምነት ያላቸው ባለጠጎች ናቸው፤ መከራ ሲመጣ ስለ ንግዳቸው ብለው ጌታን ይክዳሉ። ካልተጠረቡ አይገቡም። ሴቲቱም ለሄርማስ ይህን ከራስህ እወቅ፤ ሀብታም ሳለህ አልጠቀምክም፣ አሁን ግን ትጠቅማለህ አለችው።

እዚህ የጭቃ ጡብ ሠርቶ ቤት ያልሠራ የለም። ጡብ ሲሰነጠቅ ግድግዳ ላይ ብታስገባው ከውጭ በጭቃ ተለስኖ አይታይም። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ግን ግድግዳው የሚከፈተው በዚያች ስንጥቅ ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የብሔር ቂም እንደዚያ ነው። በመዝሙር እንለስነዋለን። በውኃ ቧንቧ ተራ ላይ ጠብ ሲነሣ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ይታያል። በቂም ላይ የተሠራ ኅብረት ዝናብ አይችልም። ኤፌሶን 4፥31-32ን ዛሬ ማታ በየቤታችሁ አንብቡ፤ ስሙን ለመጥራት የሚከብዳችሁን ሰው እያሰባችሁ አንብቡት።

7. በእንግዳ አገር መኖርና መካፈል

የመጀመሪያው ምሳሌ ስለ ስደተኛ ነው። እረኛው ይላል፦ እናንተ የእግዚአብሔር ባሪያዎች በእንግዳ አገር ነው የምትኖሩት፤ ከተማችሁ ከዚህ ሩቅ ናት። የዚህ ከተማ ጌታ በሕጌ ኑር ወይም ውጣ ቢልህ እርሻህንና ቤትህን ምን ታደርገዋለህ? ስለዚህ በእርሻ ፈንታ የተጨነቁ ነፍሳትን ግዛ፣ መበለቶችንና ወላጅ የሌላቸውን ጎብኝ።

የተመቸው ክርስቲያን ይህን እንደ ምሳሌ ይሰማዋል። እኛ ግን የኖርንበት ነው። ቤትና መሬት ትተን በአንድ ቦርሳ ወጥተናል፤ አንዳንዳችንም ያለ ቦርሳ። ስለዚህ እንግድነት ምን እንደሆነ ለዓለም ክርስቲያኖች ማስተማር የምንችል እኛ ነን። ግን ተጠንቀቁ፤ «እንግዳ ነን» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ኤርምያስ 29፥5-7 ለምርኮኞች ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ሁለቱ ይስማማሉ፦ እንሠራለን፣ እንተክላለን፤ ልባችንን ግን እዚህ አንቀብርም።

በሁለተኛው ምሳሌ አንድ ትልቅ ዛፍና አንድ ወይን አሉ። ዛፉ ፍሬ የለውም። ወይኑ ፍሬ አለው፤ ግን በምድር ላይ ሲጎተት ፍሬው ይበሰብሳል። ወይኑ በዛፉ ላይ ሲወጣ ያፈራል፤ ዛፉም በወይኑ በኩል ፍሬ እንዳለው ይቆጠራል። ባለጠጋው ዛፍ ነው፤ ድሃው ወይን ነው። ባለጠጋ ይሰጣል፣ ድሃ ይጸልይለታል፤ ሁለቱም ይኖራሉ። በኛ መሃል ባለጠጋ ማን ነው? ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክለት፣ ሱቅ የከፈተ፣ ሥራ ያገኘ። ድሃ ማን ነው? ራሽኗ ብቻ ያላት፣ በርካታ ልጆች የያዘች እናት። ባለ ሱቁ በልመናዋ አይመረር፤ ስለ እሱ የምትጸልየው እሷ ናት።

ስለ ጾም ደግሞ በአምስተኛው ምሳሌ ግልጽ ምክር ይሰጣል፦ በምትጾምበት ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ብላ፤ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላና ለመበለት ወይም ለድሃ ስጥ። ወገኖቼ፣ የራሽን ቀን ሳይደርስ ዱቄት ሲያልቅ ሁላችንም ሳንወድ እንራባለን። እሱ ረሃብ ነው፤ ጾም አንበለው። ጾም የሚሆነው ያለችንን ጥቂት ለሌላ ስንተውላት ነው። ኢሳይያስ 58፥6-7 ይህንኑ ይነግረናል። አንድ ኩባያ ዱቄት ለጎረቤት የምታስተርፍ እህት ትልቅ ጾም ጾማለች።

8. ሄርማስን የማንከተልበት ቦታ

አሁን መመዘኑ እዚህ ይታያል። ሄርማስ ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው ንስሐ አለ ብሎ በር ከፈተ። ይህ ትልቅ መጽናኛ ነበር። ግን በአራተኛው ትእዛዝ ያ ንስሐ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል። እየበደለ እየተመለሰ የሚኖር ሰው ንስሐው አይጠቅመውም፤ በጭንቅ ነው የሚኖረው ይላል። ጠርጡሊያኖስ በጣም ለሰለሰ ብሎ ናቀው፤ እኛ ደግሞ በቃሉ ስናየው ጠንክሮብናል።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በመካከላችን አረቄ ትቶ ተመልሶ የገባበት ወንድም አለ። ጫት ትቶ እንደገና የጀመረ አለ። ችግር አስገድዷት ወደማትፈልገው ሕይወት የገባች፣ ንስሐ ገብታ የወጣች፣ እንደገና የተመለሰች እህት አለች። ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆመው መዝሙር የሚሰሙ ናቸው። «አንዴ ተመልሼ ነበር፤ አሁን በየትኛው ፊቴ እገባለሁ?» ይላሉ። የሄርማስን ቃል ብቻ ብንነግራቸው ምን ይሆናሉ? ወደ ጨለማው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ወደ ጌታ እንሂድ። በማቴዎስ 18፥21-22 ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ሲል ጌታ የመለሰለትን ቁጥር ታውቃላችሁ። በሉቃስ 17፥4 በቀን ሰባት ጊዜ በድሎ ሰባት ጊዜ ቢመለስ ይቅር በለው ይላል። እኛ ሰዎች እንዲህ ይቅር እንድንል ያዘዘ ጌታ እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅር ይላል ወይ? ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ፤ በዮሐንስ 21 ሦስት ጊዜ ተጠይቆ በጎቹን ተቀበለ። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 እና 2፥1-2 ለአማኞች የተጻፈ ነው፤ ብንናዘዝ የሚያነጻ፣ በአብ ዘንድ የሚቆምልን ጠበቃ አለን።

ይህ ማለት ኃጢአት ቀልድ ነው ማለት አይደለም። ሮሜ 6፥1-2 አንብቡ። ሄርማስ የፈራው ነገር እውነት ነው፤ «ነገ ንስሐ እገባለሁ» እያለ የሚጫወት ሰው ልቡ ይደነድናል። ለሚጫወተው ሰው ማስጠንቀቂያውን ንገሩት። ለተሰበረው ሰው ግን ወንጌሉን ንገሩት። ማን የሚጫወት፣ ማን የተሰበረ እንደሆነ ለመለየት አጠገቡ ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል። ከሩቅ አይታወቅም።

አስተውሉ፣ ሐዋርያዊው ቃል ለምን መለኪያ እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ሄርማስ መልካም ሰው ነበር፣ ብዙ ጠቀመን። ግን የአንድ ሰው ነፍስ በር ላይ ቆማ ልትገባ ስትጠይቅ መልሱ በሄርማስ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁለተኛ ለወደቀ ተስፋ ባልነበረ። አባቶች ሲለዩ የለዩት ወረቀትን ብቻ አይደለም፤ የዚያችን እህት ተስፋ ነው የጠበቁት።

እሱ ራሱ ሄርማስ ግን ያየው አንድ መልካም ነገር አለ። በዘጠነኛው ምሳሌ የግንቡ ሥራ ጥቂት ቆመ፤ የተጣሉት ድንጋዮች ንስሐ ገብተው እንዲገቡ ጊዜ ለመስጠት ነው። ሥራው የዘገየው ሰው እንዳይቀር ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥9 ጌታ የሚታገሠው ማንም እንዳይጠፋ ነው ይላል። እኛ ስለ መዘግየት ብዙ እናማርራለን። ይህኛው መዘግየት ግን ምሕረት ነው። ዛሬ በሩ ክፍት ነው።

ለቤት ኅብረት የውይይት ጥያቄዎች

1. አንድ መጽሐፍ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የእግዚአብሔር ቃል ላይሆን ይችላል? ለምሳሌ የምታነቡትን አንድ መንፈሳዊ መጽሐፍ አንሡና ተወያዩ።
2. ተስፋ የሚያስቆርጣችሁ የትኛው መጠበቅ ነው? ያዕቆብ 1፥2-8ን አንብባችሁ አንዳችሁ ለሌላው ጸልዩ።
3. በብሎካችሁ ትንቢትን በገንዘብ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ሽማግሌዎች ምን ማድረግ አለባቸው? የሰውን ስም ሳትጠሩ ተነጋገሩ።
4. በኅብረታችን ውስጥ ያለው ስንጥቅ ምንድነው? በዚህ ሳምንት ማንን ሄዳችሁ ሰላም ትላላችሁ?
5. ከቤተ ክርስቲያን የቀረ፣ «አልቆልኛል» የሚል ሰው ታውቃላችሁ? ሁለት ሆናችሁ ጎብኙት። ስብከት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ።

ጸሎት

አባታችን ሆይ፣ ቃልህን ጠብቀህ እስከኛ ስላደረስክ እናመሰግንሃለን። በብራና ላይ ለገለበጡት፣ ለመዘኑት፣ ላስተማሩን ሁሉ እናመሰግንሃለን። ያረጀውን ተስፋችንን አድስልን። በስምህ ከሚነግዱ ጠብቀን፤ እኛም እንዳንነግድ አድርገን። ስንጥቃችንን ጠግን። በደጅ ቆሞ ለመግባት የሚያፍረውን ወንድማችንንና እህታችንን አንተ እጃቸውን ይዘህ አስገባ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።